ዱቄቱን አሽትተው ላጸደቁልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ሚልኪያስ፣
የአንድ ማዕድ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበርና የጾም ምግብ ማረጋገጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንደ ወትሮው የማይቀንስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካንሳንጋ ሰፈር አነስተኛ ምግብ ቤት ያለኝ፣ በማኅበሩ ለቅሶና ሠርግ ላይ ስድስት ዓመት ወጥ የሠራሁልዎ ፍቅርአዲስ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በምግብ ቤቴ መግቢያ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ እስከ እሑድ እንዳነሣና ኮሚቴውን በይፋ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ አለበለዚያ ግን ከማኅበሩ አብሳዮች ዝርዝር እንደምሰረዝ በአባታዊ ርኅራኄ አሳስበውኛል። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው ነገሩ የገባው በእኔ ድስት ብቻ ስላልሆነ ነው።

ማስታወቂያው የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት እዚህ ቤት ሽሮ የበላችሁ ሁሉ ሳታውቁት ዓሣ በልታችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ይቅርታ የለመንኩት እኔ፣ የተቆጡት እርስዎ መሆንዎ ትንሽ ግራ አጋብቶኛል። እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

፩ኛ፣ ስለ ትጋትዎ። «ባሕረ ብርታት» የተባለውን ዱቄት ኪኩቦ ገበያ ካለው መጋዘንዎ አውጥተው ለየምግብ ቤቱ ያከፋፈሉት እርስዎ፣ ለጾም ይሆናል ብለው ማኅተም የመቱበትም እርስዎ ነዎት። አስመጪና መርማሪ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጠብ ሌላው ዓለም ገና አልደረሰበትም። በጾም ጉልበት ለሚያንሰው ሰው ፕሮቲን ነውና ሽሮው ላይ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምሩ ተባልን፤ ጨመርን። እኔም ማኅተሙን አይቼ ጽሑፉን ሳላነብ ቀረሁ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

፪ኛ፣ ስለ አፍንጫዎ። በኮሚቴው ስብሰባ አንድ አባል ይህ ነገር ከባሕር ከመጣ ዓሣ እንዳይሆን ብሎ ቢጠይቅ፣ ጣሳውን ከፍተው «አሽትቼዋለሁ፤ ዓሣ ዓሣ አይልም፣ ደግሞም ዱቄት ነው» በማለት ክርክሩን እንደዘጉት በቦታው የነበሩ ነግረውኛል። እውነትዎን ነው፣ አይሸትም። የዓሣ ቆዳና ቅርፊት ፕሮቲን እጅግ ደቅቆ ፔፕታይድ የሚሉት ሲሆን ሽታውም ጣዕሙም ይጠፋል፤ በየምግቡ ለመጨመር የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ዓሣነቱ ግን አብሮ አይጠፋም።

፫ኛ፣ ስለ ኢዮኤል። ኢዮኤል ናሙዎንጎ ሰፈር ስልክ የሚጠግን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓሣ ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው ነው። የጾም ሽሮ ምን ያደርገኛል ብሎ በላ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከንፈሩና ዓይኑ አብጦ ትንፋሽ አጠረው፤ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ከሹፌሩና ከእኔ መሐል አስቀምጬው ክሊኒክ ደረስን። ሐኪሙ ምን እንደበላ ሲጠይቀኝ የጾም ነው፣ ዓሣ የሚባል በቤቴ የለም እያልኩ ስምል ነበር። ዳነ፣ ተመስገን። እኔ ግን በጣም ፈርቼ ነበር። ከኮሚቴው እንዴት ዋለ ብሎ የጠየቀው ሰው አለመኖሩን የሥራ ብዛት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በነጋታው ጣሳውን አዙራ ያነበበችው ጎረቤቴ ባለሱቋ ኻሊዳ ናት። ኻሊዳ የወሎ ሙስሊም ናት፤ ሐራም እንዳይሆንባት ስትል የከረሜላ ማሸጊያ እንኳን ሳታነብ መደርደሪያዋ ላይ አታወጣም። ከታች በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ከዓሣ ቆዳ መሠራቱና ዓሣ የማይስማማው ሰው እንዳይወስደው ተጽፏል። ማኅተምዎ ያረፈው ልክ እዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። የእኛን ጾም በትጋት የጠበቀችልን እርሷ ስለሆነች፣ በኮሚቴዎ ክፍት ወንበር ከተገኘ ጥቆማዬ ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። ዱቄቱንም አልረገምኩም፤ ምንነቱን አውቆ ለሚወስደው ይስማማው። የእኔ ነገር ሰው የሚበላውን ይወቅ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አላነሣም፣ ኮሚቴውንም ይቅርታ አልጠይቅም። ከዝርዝሩ መውጣት የእንጀራዬ እኩሌታ መሄዱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ይከብደኛል፣ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ይሰርዙኝ። ሲሰርዙኝ ግን ምክንያቱን ከስሜ ጎን ያስፍሩልኝ፦ ለበላተኞቿ የበሉትን ስለነገረች።

ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ እምነት ጋር፣
የማኅበሩ አባልና እስከ ነገ ድረስ አብሳይ፣
ፍቅርአዲስ
ካንሳንጋ፣ ቅዳሜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዝርዝርዎ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሦስት አብሳዮችም ዱቄቱን ጨምረው ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ማስታወቂያ በየበራቸው ለጥፈዋል። ሁላችንንም ሲሰርዙ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚደግሱት የልጅዎ ሠርግ ወጥ የሚሠራ ሰው ላይኖርዎት ነው። አይጨነቁ፤ መጋዘንዎ ሙሉ ስለሆነ እንግዶችዎን በዱቄቱ ያስተናግዱ። ምን እንደሆነ ብቻ ቀድመው ይንገሯቸው።