ሰባተኛው ቀሚስ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጄ ከሜሮን ጋር ለእንቁጣጣሽ የሐበሻ ቀሚስ ልገዛ ኢስትሊ ገበያ ወረድኩ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በአሮጌ ቀሚስ ይገባል እንዴ? ቀሚስ ሻጯ የሞያሌዋ ሐዋ አንዱን ከመደርደሪያው ገና ሳታወርደው ልቤ ሄዷል።

ሜሮን ግን ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ ከጀመረች ወዲህ አላስገዛ ብላኛለች።

«ማሚ፣ የመጀመሪያው ቀሚስሽ ምን አደረገልሽ?»

«አስጨፈረኝ።»

«ስድስተኛውስ?»

«ሳጥኑ አልዘጋ አለኝ» አልኳት እውነቱን።

ሐዋ በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ ሴት፣ ሁለተኛ ይችን ልጅ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ» አለችኝ።

ሜሮን የምትለው፣ አንድ ነገር ሲደጋገም ደስታው እየቀነሰ ስለሚሄድ ገንዘቡን ጭራሽ ወደሌለሽ ነገር አዙሪው ነው። ጭራሽ የሌለኝ ደግሞ መነጽር ነው። ፊደሉ ጉንዳን እየመሰለኝ ዳዊቴን ማንበብ ካቆምኩ ሰነበትኩ፤ በቃሌ ልድገም ስል ግማሹ ይጠፋኛል። ስለዚህ በማታቱ ታክሲ መሃል ከተማ ሄደን፣ ዓይኔን ታይቼ በቀሚሱ ገንዘብ የንባብ መነጽር ገዛሁ።

ቤት ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ዳዊቴን ገለጥኩ። ፊደሉ ሁሉ ቦታው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ዕንባዬ መነጽሩን ቢያደበዝዘው ወልውዬ ቀጠልኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከየትኛውም ቀሚስ አላገኘሁም።

ብቻ መነጽር ቤት ሞክሬ የተውኩት ባለቀይ ፍሬሙም በጣም ያምርብኝ ነበር። የሁለተኛ መነጽር ደስታ ከመጀመሪያው ምን ያህል ያንሳል ብዬ ሜሮንን ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ ልየው ይሆን…