ለበዓሉ ጉዝጓዝ ስለተነቀለው የቦረቦሩ ሳር

ለክቡር አቶ ስጦታው፣ የአረንጓዴ ቀን በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቢቸና
መስከረም 2006 ዓ.ም.

ክረምቱን ያሻገረን አምላክ እርስዎንም ከነቤተሰብዎ፣ ከነክብርዎ ይጠብቅልን እያልኩ እጅ እነሣለሁ። በአደባባይ መጻፌ፣ በርዎ ላይ ቆሜ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ መሆኑን ይረዱልኝ።

ከቢቸና በታች ባለችው መንደራችን፣ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ባንዴ መውረድ ከጀመረ ወዲህ፣ ጎርፍ የከፈተው ቦረቦር የጎረቤቴን የወለተ ሐናን የጤፍ ማሳ እየገመሰ ወደ ቤታችን ይጠጋ ነበር። ባሏ የሞተባት ወለተ ሐና «ወንዶቹ ተሰብስበው እስኪወስኑ መሬቱ አይጠብቀንም» ብላ ሴቶቹን አስተባበረች። ድንጋይ ተሸክመን ጎርፉን ገደብን፤ ዳር ዳሩን ሳር ተከልን፤ ከብት እንዳይገባም በተራ ጠበቅን። ይህን የሰሙ የሞጣ ሴቶች በሰኔ ተጠርተው ሊያዩን ሲመጡ እርስዎ በዓል ደገሱልን።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ መድረኩ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥን በሴቶች መሪነት እንቋቋማለን» የሚል ጨርቅ በተሰቀለበት ድንኳን ውስጥ ስለ ሥራችን ወንዶች ብቻ ስለተናገሩልን፣ ወለተ ሐናም ከጓዳ ወጥ እንድታወጣ ስለታዘዘች፣ ጉሮሯችን ከድካም ተርፏል።

ሁለተኛው ስለ ጉዝጓዙ ነው። ቄጤማ ታጣ ተብሎ የላኳቸው ሰዎች፣ ገና ሥር ያልሰደደውን ሳራችንን ከቦረቦሩ ነቅለው በድንኳኑ ወለል ላይ ጎዘጎዙት። እኔ ያየሁት እንግዶችን እጅ ሳስታጥብ ነው። የሞጣዎቹ መሪ ወይዘሮ ሀብትነሽ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በጣታቸው አሹት።

«ልጄ፣ ልናየው የመጣነው ይህን ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እናቴ» አልኩ።

ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን አወለቁ። ሌሎቹም እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማቸውን አውልቀው በሳሩ ላይ በባዶ እግራቸው ቆሙ። እኔ ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እርስዎ ግን የሞጣ ባህል መስሎዎት አጨበጨቡ።

ሦስተኛውን ምስጋና ብዬ መቁጠር አቃተኝ። በሐምሌ ጎርፉ ሳሩ በተነቀለበት በኩል ጥሶ፣ የወለተ ሐናን ማሳ ከነዘሩ ወሰደው። አፈሩ ዓባይ ገባ፤ ማፈሩ ለእኛ ቀረ። እሷ ዳር ላይ ቆማ አላለቀሰችም፤ «የከነከነኝ ማሳው አይደለም፣ ፀሐይነሽ» አለችኝ፤ «እንግዳ ጠርተን ገመናችንን አስረገጥናቸው።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወሬው ደርሷቸው በነሐሴ ከሴቶቻቸው ጋር ሳይጠሩ መጡ፤ ችግኝ ተሸክመው፣ ከወለተ ሐና ጋር እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ተከሉልን። አብሬ ስተክል ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ወለተ ሐና ዘንድሮ የምታጭደው የላትም፤ አዲሱን ግድብ የምታሠራን ግን አሁንም እሷው ናት።

ጭብጨባ እንዳይጎድልብዎ ዘወትር የምትመኝልዎ፣ በእንግዳ ፊት አንገቷን የደፋች ታዛዥዎ፣

ፀሐይነሽ ሰማው

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ሴቶችን አብቅተዋል ወይ?» ብሎ የበላይ አካል ቢጠይቅዎ፣ «ራሳቸው በቃን ብለዋል» ብለው ሪፖርት ያድርጉ። በዚህስ እንኳ አይዋሹም።