የአባዬ ሙጫ፣ የእኔ ኪኒን

ጥር 19

ሙቀት። ጤና ኬላው ከጠዋት እስከ ቀትር ሞልቶ ዋለ። የልጆች ሳል፣ ምስማር የወጋው እግር፣ አንድ የተቆጣ ጥርስ። ጥርሱን ወደ ከተማ ላክሁት።

አባዬ ከአራት ቀን በኋላ ከጫካ ወረደ። ቀርከሃዎቹን በትከሻው ተሸክሞ። ዛፎቹን አምና ነበር የበጣቸው፣ ግንዱን እንደ እባብ ዞሮ ዞሮ። በየሥሩ ያሰረው ቀርከሃ ሞልቶ ደርቋል። ሲመሽ ፍም ላይ እያገላበጠ አሞቃቸው፣ ሲሰነጠቁ ልጣጩን አነሳ። ሙጫው እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ወጣ። ደረቁን ሲያዩት ቡናማ ነገር ነው፣ ምንም አያምር። እርጥብ ጣት ሲነካው ነው ቢጫው የሚፈነዳው።

ኮሳልም መጣ፣ የፓጎዳውን፣ የቡድሃ መቅደሳችንን፣ ግድግዳ የሚቀባው ሰዓሊ። ከከተማ ከመጣ ወር ሆኖታል።

"አባባ ፕራክ፣ የዘንድሮውን ያሳዩኝ እስቲ። ግድግዳው ላይ ለሚሳሉት መነኮሳት ልብስ ነው የምፈልገው።"

"ውሰድ። ብሩሽህን ግን እንዳትልስ።"

"ሰላሳ ዓመት ስልስ ነው የኖርኩት!"

"የፋብሪካ ቀለም ነዋ የላስከው" አለው አባዬ።

ጥር 22

ኮሳል ሆዱን ይዞ፣ ታጥፎ መጣ። ሳልጠይቀው ገባኝ።

"ላስከው?"

"እጄ ለምዶ ነው እህቴ... ጫፉን ብቻ..."

በጨውና በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ሰጠሁት፣ አጋምሶት ወደ ጓሮ ሮጠ። አባዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን በኋላ ተናደድሁ። የብሩሽ ጫፍ ሰውን እንዲህ ካደረገ በፍሬ ልክ የምትሰጠውስ? አልኩት። አባዬ ሙጫውን ለመድኃኒትም ይሰጣል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። ለሆድ ትል፣ ለእብጠት፣ ለድርቀት።

"የማውቀውን ያህል ነው የምሰጠው።"

"ማን መዘነልህ?"

"ዓይኔ።"

የዘወትር ጭቅጭቃችን ነው። መጨረሻው ምንጊዜም ያው፦ "አንቺም የተማርሽው በዚሁ ሙጫ ገንዘብ ነው።" ተነስቼ ሩዝ ቀቀልሁ።

የካቲት 4

ጋሽ ቱች መጣ። ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነው፣ ቁንዶ በርበሬ የሚያለማው። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ከኋላ ይዞኛል ብዬ ስነዳ ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል።

እግሩ አብጧል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረዋል። ይሄ የልብ ሊሆን ይችላል፣ ትልቁ ሆስፒታል ሂድ አልኩት።

"ለቀማው ይለቅ፣ እሄዳለሁ።"

"በርበሬው ካንተ ይበልጣል?"

"ኒሞል፣ በርበሬው አይጠብቀኝም። እኔ ግን በርበሬውን መጠበቅ እችላለሁ" ብሎ ሳቀ።

የሚያሸና ኪኒን ሰጠሁት፣ የአሥር ቀን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ። ጨው ቀንስ አልኩት። ሌላም የምለው ነበር መሰለኝ... ሰልፉ ረጅም ነበር።

የካቲት 5

የኬላው የውሃ ጋን ተሟጠጠ። ከፓጎዳው ጉድጓድ አስቀዳሁ።

የካቲት 11

ጋሽ ቱች ሞተ።

ቀትር ላይ ሚስቱ እትዬ ያን በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ስደርስ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ባቱን ቁርጠት ይዞት ይጮሃል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲያስቀምጠው ነው ያደረው።

"ምን ወሰደ?"

"አባትሽ ጋ ሄዶ ነበር። ለእብጠቱ... ለቀማው ሳይጀመር ቶሎ እንዲጎድልለት ብሎ።"

ግሉኮስ ልሰካለት ሞከርሁ። ደም ሥሩ ጠፋኝ። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ገባ። በርበሬ የጫነ መኪና አስቆምን፣ ጆንያዎቹ ላይ አስተኛነው። ግሉኮሱን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ በሌላው የእጁን ትርታ ይዣለሁ። ሁለተኛው ድልድይ ጋ ትርታው ቆመ። ደረቱን ተጫንሁት፣ እስኪደክመኝ። አልተመለሰም። ለሹፌሩ ተመለስ አልኩት።

"ለምን እንመለሳለን?" አለች እትዬ ያን። "ሆስፒታሉ በዚያ በኩል አይደል እንዴ?"

የካቲት 12

መዝገቡን ገለጥሁ። "ቱች፣ የሚያሸና፣ 10።" የራሴ ጽሑፍ ነው።

ኪኒኑ ውሃውንና ጨውን በሽንት ያወጣል። ሙጫው ደግሞ በሆድ። አንዱ ብቻ ቢሆን... ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት፣ በዚህ ሙቀት ግን? ይሄንን አውቃለሁ።

አባዬ ጋ ሄደህ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ? አልጠየቅሁም። እንዳትሄድ ብዬዋለሁ? አላልሁም። የማን ልጅ ነኝ እኔ? በዚህ መንደር ይህን መጠየቅ ያለበት ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ።

መንደሩ ፈርዷል። "ፕራክ ገደለው።" አባዬ ሬሳውን አጥቦ ሲመለስ ማንም አላናገረውም አሉ። አብሮ አደጉ ነው፣ ሌላ ማን ያጥበው?

"ምን ያህል ሰጠኸው?" አልኩት።

"ሁልጊዜ የምሰጠውን።"

"ሌላ መድኃኒት እወስዳለሁ አላለህም?"

ትኩር ብሎ አየኝ። "አላለኝም" ብሎ ገባ።

ያኔ ስለ ኪኒኑ መናገር ነበረብኝ። መዝገቡን ዘጋሁ።

የካቲት 14

ሬሳው እንደ ወጋችን በፓጎዳው ግቢ ተቃጠለ። አባዬ የተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሰፊ ምንጣፍ ነው።

ኮሳል ሙጫዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰ። ያፈረው እሱ ነው። "ሽማግሌዎቹ ለፓጎዳው አለቃ ለአባ ነግረዋቸው ነው። ሰው የገደለ ቀለም በመነኩሴ ልብስ ላይ አይውልም አሉ።" አባዬ ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ውሃ ትጠጣለህ ወይ አለው።

የካቲት 15

ከወረዳ ተቆጣጣሪ መጣ። ሞተሩን እንኳ በቅጡ አላጠፋም። ቅጹን ራሱ ሞላው። የሞት ምክንያት፦ የባህል መድኃኒት።

"የሰጠው ሰው ስም?"

"ፕራክ።"

"ዘመድሽ ነው?"

"አባቴ።"

ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ ጻፈ። "ፈርሚ።"

ፈረምሁ።

የካቲት 16

አባዬ በጠዋት ወጥቶ በጊዜ ተመለሰ።

"ከመንገዱ ዳር ያሉትን ሁለቱን ዛፎች ቆርጠዋቸዋል" አለ። አባቱ የተከላቸውን። የሩዝ አጥሚት አቀረብሁለት፣ ከደረቅ ዓሣ ጋር። ጨርሶ በላ፣ ሳህኑን አጠበ።

የካቲት 17

ሰባተኛው ቀን፣ መነኮሳቱ ለሟች የሚጸልዩበት። ከዛሬ አያልፍም ብዬ ነው የነቃሁት።

መነኮሳቱ ሳይመጡ እትዬ ያን ጋ ሄድሁ። በእንጨት ቋሚ ላይ ከቆመው ቤቷ ሥር ቁጭ ብላ ለመታሰቢያው ምሳ ሽንኩርት ትልጣለች። ፊቷ ተንበረከክሁ።

"እትዬ፣ እኔም ኪኒን ሰጥቼው ነበር። የሚያሸና። ከአባዬ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

ቢላዋዋን አላቆመችም። "አባትሽ ሬሳውን ሲያጥብ ከትራሱ ሥር ጥቂት ፍሬ የቀረበትን የኪኒን ማሸጊያ አገኘ። ሽርጡ ውስጥ ሲከተው አየሁት። ምንድነው አልኩት። 'ያን፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ኬላው ያለ እሷ ይዘጋል። ተዪልኝ' አለኝ።"

"ዝም አልሽለት?"

"ብናገር ቱች ይነሳል?" ቀና አለች። "ሁለታችሁንም ጠልቻችኋለሁ። እሱን ትንሽ ቀነስ አድርጌ። እሱ በማግስቱ ነው የነገረኝ። አንቺ ይሄው ሳምንትሽ።"

ከጸሎቱ በኋላ ተነሳሁ። ሁሉም አሉ፣ የመንደሩ ሹም፣ ሽማግሌዎቹ፣ ኮሳል። አባ ተቀመጪ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፣ አላሉኝም። ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ኪኒኑን ተናገርሁ፣ ቀኑን ተናገርሁ፣ ሳልጠይቀው መቅረቴን ተናገርሁ። ሹሙ ሳለ። አባዬ ተነስቶ ወጣ።

ቤት ስገባ ጮኸብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"ማን ጠየቀሽ?"

"አንተስ ለምን ደበቅህ?"

"አባት ነኛ!"

"ፈርሜብሃለሁ!" አልኩት። "ለወረዳው፣ ስምህን ሰጥቼ ፈርሜብሃለሁ።"

ይህን አያውቅም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ስትፈርሚ ከበደሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያስ..." አለና ተወው። ምን ሊል ነበር? አልጠየቅሁትም።

የካቲት 25

ወረዳ ሄጄ አዲስ ቃል ሰጠሁ። ተቆጣጣሪው ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነው የያዘው፣ ያለቀ ወረቀት ስለከፈትሁበት። "ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?" አለኝ። ሦስት ወር ከሥራ ታገድሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሌላ ነርስ ይመጣል።

ቁልፉን ሳስረክብ ነው ያለቀስሁት። ገርሞኛል። ሬሳው ሲቃጠልም አላለቀስሁ።

መጋቢት 8

ሥራ የለኝም። ከአባዬ ጋር ጫካ ወጣሁ፣ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ቢላዋውን ሰጠኝ። ጠልቀሽ አትቁረጪ፣ ዛፉ ይሞታል። ከላይ ከላይ ካደረግሽውም አይፈስም አለኝ። የመጀመሪያዬ ተበላሸ፣ ሁለተኛው ደህና ነው። ወተት የመሰለ ቢጫ እያዘገመ ወረደ።

ስናርፍ፣ ሳልጠይቀው ተናገረ፦

"ቱች ወደ እኔ ሲመጣ የእግሩ እብጠት ጎድሎለት ነበር። ራሱ ነው ያለኝ፣ 'ከሰሞኑ ይሻላል፣ ጨርሰህ አውርድልኝ' ብሎ። ማን አጎደለልህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።" ሣር ነጨ። "ዓይኔ ነው ያልኩሽ ዓይን... አይቶ አለፈው።"

የእኔም ያው ነው።

መጋቢት 20

ኮሳል መጣ። አባ ውሳኔያቸውን አንስተው ልከውት ነው። ሙጫዎቹን ከመደርደሪያው አውርዶ ወሰደ። አባዬ ስለ ብሩሹ ሊናገር ሲል "አባባ፣ ገብቶኛል፣ ከእንግዲህ ለምሳዬም ምላሴን አላወጣም" አለው። አባዬ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ሚያዝያ 6

አዲስ ዓመታችን፣ የሚያዝያው። እንግዳ አልመጣም። ሁለታችን በላን፣ የኮኮናት ሩዝ።

ግንቦት 26

ተመለስሁ። ኬላው አቧራ ለብሷል፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ጉንዳን ወርሮታል። ሲጠረግ ዋለ። በሽተኛ አልመጣም።

ግንቦት 29

ሁለት ሰው። አንዱ አላፊ አግዳሚ ነው። ለአባዬም ሰው አይመጣም። የመጡትን አንድ ሁለቱን ወደ እኔ ሰደዳቸው፣ መንገድ ላይ ግን የቀሩ ይመስለኛል።

እዚህ መቆየት ይበጃል? ሌላ ወረዳ ብጠይቅስ? ለአባዬ አንስቼበት "ሂጂ ካልሽ ሂጂ" አለ። ቆየና፣ "የሚሄድ ሰው ግን ጣራ አያስጠግንም።" ትናንት አናጺ ስጠራ አይቷል ለካ።

ሰኔ 9

ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሯል። ጠዋት በሩን ስከፍት እትዬ ያን ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች።

"ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ጉልበቴ ነው። ከተማ ድረስ በዚህ ጭቃ አልችልም።"

"ገብቶኛል። ተቀመጪ።"

አየሁት። አብጧል፣ ሞቋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደወሰደች፣ ምን እንደተቀባች፣ ማን ምን እንደሰጣት አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ ጻፍሁ። ሳትቸኩል መለሰች። ብዕሬን ሳስቀምጥ፦

"አባትሽ የት ነው?"

"ቤት። ቀርከሃ እያጸዳ።"

"ጥሪው።"

"ለምን?"

"ጥሪው አልኩሽ።"

ጠራሁት። እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አያትና ቆመ። መግባት አልቻለም።

"ግባ እንጂ ፕራክ፣ ዝናብ እያስገባህ ነው" አለችው። አግዳሚውን በጃንጥላዋ ጫፍ አሳየችን። "እዚህ፣ ጎን ለጎን። አንቺ የምትሰጪኝን ለእሱ ንገሪው። አንተም የምትለውን ለእሷ ንገራት። እኔ እሰማችኋለሁ። ስትስማሙ ብቻ ነው የምውጠው።"

ተቀመጥን። ከአባዬ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ በሽተኛ ተነጋገርን። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብን። እትዬ ያን አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ እያየች፣ እግሯን ዘርግታ ጠበቀችን።