ጀርባ መስጠት

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እንደ እናትም ላሳደግሽኝ እታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ያስጮህሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ ደኅና ነው? ልጆቹስ? የአክስታችን ማንኮራፋት ከጎረቤት አጣልቷችሁ ይሆን ወይስ ጎረቤቱም ለምዶት ያለሱ እንቅልፍ አልወስደው ብሏል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ጫማዬንም እጠርጋለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን ከዚህ በታች እነግርሻለሁ። ካንቺ ብደብቅም ከእጅ ጽሑፌ ታውቂብኛለሽ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ በጣም ተቆጥተሻል። «መቶ አለቃ ተብለህ፣ ሰው ብድግ ብሎ ሰላምታ እየሰጠህ፣ አሁን የሰው በር ከፋች ልትሆን ነው?» ብለሽኛል። ጋሼም «ሥራ ጠፍቶ ነው ለሰው ጥይት ደረት የሚሰጠው?» ማለቱን ጽፈሽልኛል። እውነታችሁን ነው። እኔም ብሆን ወንድሜ እንዲህ ቢለኝ ጆሮውን ይዤ ወደ ቤቱ እመልሰው ነበር። ግን ምክንያቴን ሳትሰሚ እንድትፈርጂብኝ አልወደድኩም።

እንደምታውቂው በወታደራዊ ፖሊስ ውስጥ የእኔ ክፍል ሥራው እስረኛ ማጀብ ነው፤ ከእስር ቤት ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ እስር ቤት። አምና አንድ ቀጭን ወታደር መጣብን። መሣሪያ ሲወለውል ጥይት ባርቆበት የቅርብ ጓደኛውን ገድሎ ነበር። ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ስለሚል ልጆቹ «ሹክሹክታ» የሚል ስም አወጡለት። እስረኛ ሲገባ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ እንቀበለዋለን፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ሹክሹክታ ሲራመድ ጫማው ከተረከዙ እየወለቀ ሸርተት፣ ሸርተት ይላል። እኔ ከኋላው ሆኜ ማጅራቱን እያየሁ እከተለዋለሁ። የእስረኛ አጃቢ ዓይኑን ከእስረኛው አያነሳም። «ወደፊት!» ካላልኩት ደግሞ ንቅንቅ አይልም ነበር። መኪና ውስጥ ስንቀመጥ የሚያወራኝ ስለዚያው ስለሞተው ጓደኛው ነው፤ ዘፈን እንዴት እንደሚያበላሽ፣ ሰው እንዴት እንደሚያበሽቅ እየነገረኝ ይስቃል።

ዳኛዋ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ከመረመረች በኋላ «አደጋ ነው፤ በነጻ ይሰናበት» አለች። እኔው ራሴ ዕቃውን መለስኩለት። ቀበቶውን ታጠቀ፤ ማሰሪያውን ግን ጠቅልሎ በእጁ ያዘው። «እሰረው እንጂ» ስለው «ቤቴ ገብቼ፣ እናቴ እያየችኝ አስረዋለሁ» አለኝ። የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ሹክሹክታ ግን ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል። ምን እንደሚጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ለቀልድ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ወደፊት!» አልኩት። ወጣ።

የሟቹ ወንድም ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ ጥግ ሆኖ ይጠብቀው ኖሯል። ሽጉጡን ሲያወጣ ሹክሹክታ ለመሮጥ ሞከረ። ባልታሰረ ጫማ እንዴት ይሮጣል? አንደኛው ጫማ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ደርሼ ራሱን ጉልበቴ ላይ ሳደርግ ነገሩ ያለቀ ነበር። ገዳዩም አልሸሸም፤ ሽጉጡን መሬት ላይ ጥሎ እጁን ሰጠን።

ማንም አልወቀሰኝም። የእኛ ሥራ በሩ ላይ ያበቃል፤ ይህም ደንብ ነው። እኔም ገደልኩት አልልም። ግን እስቲ አስቢው እታለሜ፤ እስረኛ ሳለ አራት የታጠቀ ሰው ነበረው፣ ነጻ የወጣ ዕለት ግን አንድ ሰው እንኳ አልነበረውም። ይህ ነገር አንጀቴን ይበላኛል። ሰው የማጅብ ከሆነ ከበሩ ወዲያ ያለውን ላጅብ ብዬ የግል ጠባቂነት ሥልጠና የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ገንዘቡ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል።

አሁን የምነግርሽን ለጋሼ አታንብቢለት፤ ጠበል ውሰዱት ይላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከኋላዬ ያንን እርምጃ እሰማለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መንገድ፣ ሸርተት፣ ሸርተት። ስቆም ይቆማል። ስዞር ማንም የለም። ፀጉር ልስተካከል ተቀምጬ እንኳ በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላዬ ማን እንዳለ ማየት ስለፈራሁ ዓይኔን ጨፍኜ ስለምቆይ፣ ፀጉር ቆራጩ «ጌታዬ፣ እንቅልፍዎን ቤትዎ ይተኙ» ብሎ ቀልዶብኛል።

ሥልጠናው ድሮ የሳሙና መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ግንቡ ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አሠልጣኛችን ብዙ ዓመት ሰው የጠበቀ ሽማግሌ ነው፤ «ግድግዳው» ይሉታል፣ ሲታይ ግን የጡብ ስባሪ አያክልም። የመጀመሪያው ትምህርቱ ለእኔ ከሁሉም ከበደኝ። የግል ጠባቂ የሚጠብቀውን ሰው አያይም፤ ለእሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላውን ሰው ነው የሚያየው። አንቺ ደግሞ ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ። ይህን ስነግረው «እዚህ ጀርባህን ያልሰጠኸው ሰው ይሞትብሃል» አለኝ።

የፈተናው ቀን ግድግዳው ራሱ ተጠባቂ ሆኖ ከኋላዬ ተሰለፈ። ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ በሰልጣኞች መሃል ማሳለፍ አለብኝ፤ ከመሃላቸው አንዱ የእንጨት ቢላ ደብቋል። ትንሽ እንደሄድን ያ እርምጃ መጣ። ሳላስበው ዞርኩ። ቢላዋ ጎኔን አልፎ ግድግዳው ደረት ላይ አረፈ። «እኔ ሞቻለሁ፣ አንተ አፍጥጠህ ታየኛለህ» አለኝ። «ጠባቂ ነህ ወይስ አሳሪ?» ሰልጣኙ ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ፤ እሱንም ከጣልኩ ወደዚያው በር መመለሴ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዳግመኛ እዚያ በር ላይ ቆሜ ሰው «ሂድ» ብዬ የምሸኝበት አቅም አልነበረኝም።

ግድግዳው ከሥልጠና በኋላ ጠርቶኝ «ከኋላህ ምንድነው የምትፈልገው?» አለኝ። ነገርኩት። ይስቃል ስል አልሳቀም። «የእኔዋ በሽቶዋ ነው የምትመጣው» አለኝ። ሲጠብቃት የሞተችበት ሴት ነበረች። «ታዲያ ለቀቀችህ?» ስለው «የት ትሄዳለች? ከእኔ ሌላ ማን አላት?» አለና ጃኬቱን ለበሰ። «ያንተም ይምጣ። አታባረው። የሞተ ሰው ከኋላ ቢመጣ አይገድልም፤ የሚገድለው ከፊት የሚመጣው ነው።»

በሁለተኛው ፈተና እርምጃው እንደልማዱ መጣ። ማጅራቴ ላይ የሰው ትንፋሽ ያረፈ እስኪመስለኝ ተጠጋኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ አልዞርኩም። ቢላ የያዘውን እጅ ገና ከኪሱ ሲወጣ ያዝኩት። ሲያጨበጭቡልኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ሥራ ጀምሬያለሁ። የምጠብቀው ሀብታም አይደለም፤ ያችን ዳኛ ነው። ሹክሹክታን በነጻ በመልቀቋ የሟቹ ጓደኛው ዘመዶች እስከ ዛሬ ስለሚዝቱባት ጠባቂ ሲፈለግላት እኔው ለምኜ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ወደ መኪናዋ ስንወርድ «ምነው እንዲህ ቀስ ትላለህ? እኔ እንደሆነ እግሬ ጤነኛ ነው» አለችኝ። ልማድ ነው አልኳት። ጫማው ያልታሰረ ሰው ከኋላችን አለ ልበላት? ደመወዝ የሚከፈለኝ ለአንድ ሰው ነው።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ደረቴ እስካሁን ከነቁልፉ ጤነኛ ነው በይው። ትልቋን ለፈተናዋ እንድትበረታ፣ ጥርሰ ወላቃውን ደግሞ አዲሶቹ እስኪበቅሉ ብዙ እንዳይስቅ ንገሪልኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አንቺን እግዜር ጤናሽን ይመልስልኝ።

ለፈቃድ ስመጣ ገበያ አብረን እንወጣለን። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፤ ጀርባዬን ሰጠሁሽ ብለሽ አትቀየሚኝ። ከኋላችን ጫማ የሚጎትት ሰው የሰማሽ እንደሆነም አትደንግጪ፣ ዞረሽም አትዪ። እሱ ከእኔ ጋር ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ፱ ቀን