የማን ልጅ ነሽ?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሪፖርት። ዛሬም ሪፖርት። ደብተሬ፣ በሠንጠረዥ የማልጽፍልሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

ከጤ/ጣቢያው የመጣውን ወረቀት ሳገላብጥ አንድ አምድ ላይ ቆምኩ። በጤና መድን ሊታከሙ መጥተው «ስም ባለማወቅ የተመለሱ»። ሁሉም ሴቶች። ለምልክት ያህል እንኳ አንድ ወንድ የለም። መዝገቡ በአባወራ ስም ነው። የመድን ደብተሩን ያልያዘች ሴት የባሏን ስም ከነአባቱ ትናገር፣ የካርድ ክፍሉ ጋሽ ተፈራ ከመዝገቡ ይፈልጉላታል። አልተናገሩም። ተመለሱ።

የጤና ጽ/ቤት ኃላፊያችን አቶ ዳዊት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። የአማታቸውን ስም እንኳ አያውቁም፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይዘጋጅ አለ። እሱ ዘንድ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቲሸርት። በወሩ መጨረሻ ይወሰናል።

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ግን ተናድጃለሁ። አማቷን በየቀኑ እያበላች ስሙን የማታውቅ ሴት የት አገር ነው ያለችው?

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ጤ/ጣቢያ ወረድኩ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ጋሽ ተፈራ። አባታቸው ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ሀዲይኛን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። ሴቶቹን ያመናጭቃሉ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ኃጢአቴ ነው። «ልጄ» እያሉ ነው የሚጠይቁት።

አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። እግሯ አብጧል። የመድን ደብተሩ ባሏ ኪስ፣ ባሏ ጃጁራ ገበያ። የባሏን ስም ተጠየቀች፣ ተናገረች። ከነአባቱ? መሬት መሬት አየች። ጋሽ ተፈራ ሦስቴ ጠየቁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። እኔ ከቢሮው ዞሬ በበሩ እስክወጣ መንገዱ ላይ የለችም።

የት ነው የምፈልጋት? የእሷን ስም የጠየቃት የለም። እኔንም ጨምሮ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ደብተሬ፣ ዛሬ ያገኘሁትን ስሚ።

ማተሚያው እንዳይነቃነቅ ሥሩ ያስገባነው ጥራዝ አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር የማስተርስ ጥናቱን በስጦታ የሰጠን ነው። ጤና ጽ/ቤት ሰዋስው ምን ያደርግለታል ተብሎ እዚያው ተኛ። ዛሬ ማተሚያው ለጥገና ሲነሳ ርዕሱን አየሁ። ባሊሻ።

በሀዲያም በከምባታም ያለ የሴቶች ልማድ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ ሌላ ቃል ትተካለታለች። ለማክበር።

ቆሜ አነበብኩ። ምሳ አልበላሁም። ስሙን ያውቁታል! በደንብ ያውቁታል! የምንጠይቃቸው ነውር ሆኖባቸው ነው።

እኔስ? የዚሁ አገር ልጅ አይደለሁም? እናቴ ስትቆጥር «አንድ፣ ጓደኛው፣ ሦስት» ነበር የምትለው። ሁለት በእኛ ቋንቋ ላሞ ነው። የአባቴ አባት ደግሞ ላምቤቦ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ሁለትን አታውቅም ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገድያለሁ። ኋላ፣ አዋቂ ስሆን፣ ልማዱን ሰማሁ፤ የድሮ ነገር ነው፣ ጠፍቷል ብዬ አለፍኩት። ያቺን ሳቅ ግን ይቅርታ ጠይቄባት አላውቅም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሆሳዕና። የጥናቱን ጸሐፊ መ/ር ሳሙኤልን አገኘሁት። ቀጭን፣ ዓይን አፋር። ጥናቱን ከፈታኞቹና ከሚስቱ ሌላ ያነበበው ያለ አይመስለውም ነበር። የትኛውን ገጽ ነው ያነበብሽው አለኝ። ሁሉንም ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

አንድ ምክር ሰጠኝ። ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት ሴቶቹን ጠይቁ አለ። እሺ እሺ አልኩት። ልቤ ግን አስቀድሞ መፍትሔውን ሠርቶ ጨርሷል።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ስብሰባ። አቶ ዳዊት፣ ሰዋስው ሊያክምልን ነው? አለ። ቤቱ ሳቀ። ከጥናቱ አንድ ገጽ አነበብኩላቸው። ሳቁ ቆመ። በስብሰባ ተናግራ የማታውቀው የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ አማረች እጇን አነሳች። ከተዳረች ጀምሮ የአማቷን ስም አንድም ቀን ጠርታ እንደማታውቅ ተናገረች። ማንም አልሳቀም። አቶ ዳዊት የገዛ ሚስቱ ትዝ ያለችው መሰለኝ፤ እስክሪብቶውን ብቻ ያሽከረክራል።

ሐሳቤ፦ ስም ይቅር፣ ለየቤቱ ቁጥር ይሰጥ፣ ሴቲቱ በቃሏ ትያዘው። ተፈቀደ። ለሙከራ፤ ካልሆነ ድንኳኑ ይተከላል። አጨበጨቡልኝ። ኮራሁ፣ አልደብቅሽም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ውርደት።

መስኮቱ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ቁጥሯን ተጠየቀች። መሬት መሬት አየች። ቁጥሯ ውስጥ ሁለት አለ። አማቷ ላሬቦ ነው። ላሞ ብትል የስሙን መነሻ ጠራች ማለት ነው። ሁለትን እንዴት ትበል? ይህን የሠራሁት እኔ! የላምቤቦ የልጅ ልጅ! ጠይቂ ተብዬ!

ራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይቅርታዬንም አብሬ ጣል አደረግኩ፣ የአንደኛ ክፍሉን። ረስታዋለች። ወይም ረስቼዋለሁ አለች። ከዚያ እጇን እየታጠበች፦

«የማን ሚስት ነሽ ብቻ ነው እንዴ የምታውቁት? እኛስ አባት የለንም? የማን ልጅ ነሽ ብላችሁ ጠይቁ።»

የአባትን ስም የሚከለክል የለም። ደብተሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ ከእሷ ጋር በአንድ ቤት ተቀምጬ ሳላገኘው!

የካቲት 20፣ ዓርብ

አሁን ተምሬያለሁ። ረቡዕ ዕለት ገበያ ገብቼ ቅቤ የሚሸጡትን፣ ቆጮ የሚሸጡትን ጠየቅኩ። የማን ልጅ ነሽ ስላቸው ከነጎሣቸው ነው የሚያወርዱልኝ። የአማቷን ስም ግን አንዷም አልነካችው። ጽፌ ከጥናቱ ጋር አያይዤ አቀረብኩ። አቶ ዳዊት ፈረመ። ድንኳኑ ቀረ። መዝገቡ ላይ አዲስ አምድ፦ የሚስት ስም ከነአባቷ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከየቤቱ እየለቀሙ ነው። ጋሽ ተፈራ በማስመሪያ ያሰምራሉ። መ/ር ሳሙኤል ራሱ መጥቶ ስም ይገለብጣል፤ ሻይ ይቀዘቅዝበታል።

ያቺ ሴት ግን አልመጣችም። በየቀኑ መስኮቱን አያለሁ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

መጣች!! የእግሯ እብጠት ብሷል። ጋሽ ተፈራ አወቋት። የማን ልጅ ነሽ አሏት። ቀና አለች።

«የሄራሞ ልጅ ነኝ። ብርሃኔ።»

ከመዝገቡ ወዲያው ተገኘች። አዋላጇ የደም ግፊቷን ስትለካ ከፍ ብሎ አገኘችው፤ በአምቡላንስ ወደ ሆሳዕና። ጋሽ ተፈራ መስኮቱን ዘግተው ጥቂት ተቀመጡ። ስንቷን መልሼ ይሆን አሉኝ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ብርሃኔ ተገላገለች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና። ለመ/ር ሳሙኤል ደወልኩ። የሕፃኗን ስም ጠየቀኝ።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

እናቴን ለጉልበቷ ይዣት ሄድኩ። የመድን ደብተሯ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሆን ብዬ አላወጣሁም። ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የማን ልጅ ነዎት እናቴ አሏት። ነጠላዋን አስተካክላ የአባቷን ስም ጠራች። ከዚያ የአባቱን። ከዚያ የአያቱን። አንዱ ይበቃል ቢሏትም ወደ ላይ መውጣቷን ቀጠለች። ሰልፉ ቆመ። ከኋላ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ እልል አሉ። እኔ ከዚህ በላይ ኮርቼ አላውቅም።

ስንመለስ ስንት አያት እንደጠራች ጠየቅኳት። ቆም ብላ ለመቁጠር ጣቷን ዘረጋች። አንድ አለች።

ላሞ ማለት እችል ነበር፤ እኔን የሚከለክለኝ የለም።

«ጓደኛው» አልኩ።