«እጅህን አንሣላቸው» ያልኩት እኔ ነኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

ያ ወሬ ከደረሰኝ ማክሰኞ ወዲህ «እንደምን ነሽ» ብሎ መጻፍ ከብዶኝ ቆየ። መልሱን እያወቁ መጠየቅ ይሆንብኛል። ቢሆንም እናት ነኝና ልጠይቅሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጆቹን ያ ክፉ ጉንፋን ለቀቃቸው? እህል ይወርድልሻል ወይ? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ሰው ሲመጣ ብድግ እላለሁ። ስለ ጤንነቴ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። እጄ ለጽሕፈት ዘገምተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ሰኞ ነው፣ ዛሬ ዐርብ ሆኗል። ብዕሩ ሲያደክመኝ መርፌ እይዛለሁ፣ መርፌው ሲያደክመኝ ወደ ብዕሩ እመለሳለሁ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የወንድምሽ ክለብ ተወካይ ቤትሽ ድረስ መጥቶ፣ ማሊያውን በመስታወት ከተው ስታዲየሙ በር ላይ ሊሰቅሉት እንደሆነ ነግሮሻል። በዚያ ቀን እኔ ሜዳው መሐል እንድቆምና ሕዝቡ አንድ ደቂቃ እንዲያጨበጭብልኝ ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ላይም መፈረም አለብኝ። አንቺም «ስሙ እንዳይጠፋ እሺ በይ እማዬ» ብለሽኛል። መልሴን ትሰሚያለሽ። ግን አንቺ ያላየሽውን፣ በስልክም ያልነገርኩሽን ሳልጽፍ መልሱ አይገባሽም።

ያን ማክሰኞ የተማሪዎች ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። ከጎናችን ያለው ፀጉር አስተካካይ የሚላጭበት ማሽን ድምፅ ድንገት ቀጥ አለ። ቀና ስል በሬ ላይ ቆሟል። ከኋላው ደግሞ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተከትሎታል። «ምነው፣ ሰውየውን ሳትጨርሰው ሸሸህ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ገባና መጀመሪያ መቀሱን ከእጄ ወሰደ። ቀጥሎ መርፌውን ወሰደ። ያኔ ገባኝ። እሱ ከቴሌቪዥኑ የአገራችን ዜና ነው የሰማው፤ ልምምድ ላይ ሲሮጥ ልቡ ቆመ ተባለ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሸምበቆ እያለ የሚጠራው ልጄ፣ በዚህ በር ጎንበስ ሳይል የማይገባው ልጄ፣ ሣር ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ጨዋታውን ሁሉ ያየሁት በዚያ ፀጉር ቤት ነው። ወንድምሽ የሚጫወት ቀን አስተካካዩ ደንበኛውን ከትልቁ ተሽከርካሪ ወንበር ያስነሣና እኔን ያስቀምጠኛል፤ ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ ያደርገዋል። «የተከላካይ እናት ናቸው፣ በዚህ በኩል ማንም አያልፍም» ይላል። «ወንበሩ ነፃ ነው፣ ጢም መላጨት ግን አይጨምርም» ሲል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጨዋታው ሲታይ የሚወራው በባዕድ አፍ ስለሆነ የምናየውን እንጂ የሚሉትን አንሰማም። እግዜር ይይልኝ፣ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ኳስ ወደ ወንድምሽ በደረሰች ቁጥር ከጎሉ ኋላ ያለው የገዛ ክለቡ ሕዝብ በአንድ ድምፅ መጮህ ጀመረ። ሌላው ተጫዋች ኳሱን ሲነካ ዝም ይላሉ፤ ለእሱ ሲሆን ሜዳውን ያናውጡታል። ለልጄ ብቻ! ከሁሉ መርጠው ልጄን! ከወንበሩ ብድግ ብዬ እልል አልኩ፣ ልጄ። አንዴ አይደለም፤ እነሱ በጮሁ ቁጥር እልል አልኩ። ፀጉር ቤቱም አጨበጨበ። በኋላ ወንድምሽ ሁለት ጆሮውን በእጁ ሲይዝ አየሁት። የፍቅሩ ብዛት አደነቆረው አልኩ።

በማግሥቱ ስልክ ደወልኩለትና ተቆጣሁት። «ሰው ሲወድህ ጆሮ አይደፈንም። ትዕቢት ያስመስልብሃል። ቀና ብለህ እጅህን አንሣላቸው» አልኩት። «እሺ እማዬ» አለኝ። «ሰማህ ወይ?» አልኩት። «ሰምቻለሁ እማዬ» አለኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሲጮሁ፣ እውነትም ወደ እነሱ ዞሮ ያንን ረጅም ክንዱን ወደ ላይ አነሣ። ቃሌን አከበረ ብዬ አለቀስኩ። ዳኛው ግን እየሮጠ መጥቶ ቢጫ ካርድ አሳየው። አስተካካዩ «ሰው ሰላም ቢል ይቀጣል እንዴ!» ብሎ ዳኛውን ሲሰድበው እኔም ረገምኩት።

ከሬሳው ጋር የመጣውን ቦርሳ የፈታሁት አንቺ ከተመለስሽ በኋላ ነው። ከጉልበት ማሰሪያዎቹ ሥር አንድ ደብተር አገኘሁ፤ በገዛ እጁ የጻፈው ነው፣ በራሳችን አፍ። በቀን አንድ ገጽ፣ ሲበዛ ሁለት ገጽ እያልኩ ሁለት ወር አነበብኩት። ጣቴን በየፊደሉ ላይ እያስኬድኩ ነው የማነበው፤ ስለዚህ የተጻፈው ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባብኝ፣ እንደ ዛገ መርፌ።

ስለ መጀመሪያው ዓመት ሲጽፍ «ስመጣ ቁመቴን ሦስት ጊዜ ለኩት፣ ጉልበቴን አገላበጡት፣ ጥርሴን አዩት፤ የቤቴን ሰው ደህንነት የጠየቀኝ ማሊያ አጣቢዋ ብቻ ናት» ይላል። የሚከራይ ቤት ፍለጋ ሲሄድ ባለቤትየዋ በሩን በሰንሰለቱ እንደያዘች «ቤቱ ተይዟል» ብላ መለሰችው፤ በሳምንቱ ፎቶውን ጋዜጣ ላይ ስታይ ቁልፉን ራሷ ይዛለት መጣች። ሌላ ቦታ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሲጮህብኝ የነበረውን ሰው ሰኞ ዳቦ ቤት አገኘሁት። ከልጁ ጋር ፎቶ እንድነሣ ለመነኝ። ተነሣሁ። ልጁ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። እሱን ምን ልበለው?»

ልታገባው የነበረችውን ነርስም አንሥቷታል። «በቃህ፣ ይህን ሜዳ ተውና እኔ አገር እንሂድ» ብላው ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ስጪኝ አላት። ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ አንድ ዓመት አላት። ሴትየዋ ብትሄድ አልፈርድባትም። ለምን እንደዘገየ ግን ራሱ ጽፎታል፤ ያን ገጽ ስላነበብኩት እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ዛሬ እማዬ ደወለች። የጦጣ ድምፅ ሲያሰሙብኝ በቴሌቪዥን ሰምታ ውዳሴ መስሏት እልል ብላለች። እጅህን አንሣላቸው አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ድምፅዋን ስሰማ ተውኩት። እንዲህ ደስ ብሏት ሰምቼያት አላውቅም። ወንበሩ ላይ ስትሽከረከር ታየኝ። እኔ የሰማሁትን እሷ እንዳትሰማ እጄን አነሣለሁ።»

ከአምስት ገጽ በኋላ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «አነሣሁ። ሕዝብ አነሣሥቷል ተብዬ ቢጫ ተሰጠኝ። እማዬ አይታኝ ይሆን?»

አይቼሃለሁ ልጄ። አይቼ እልል ብያለሁ።

አንቺም ታውቂ ነበር። ሐዘንተኛው ተሰብስቦ እኔ «እንዴት ይወዱት ነበር፣ ስሙን ሲጠሩት ሜዳው ይንቀጠቀጥ ነበር» ስል ተነሥተሽ ወደ ጓዳ የገባሽው ትዝ ይልሻል? እንባ መስሎኝ ነበር። እፍረት ኖሯል። ለእኔ አዝናችሁ ዝም ማለታችሁ ይገባኛል፤ ግን ሁለታችሁም እኔን እንደ ሕፃን ደበቃችሁኝ። ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ እንደ እናት «ና ወደ ቤትህ» እለው ነበር። ከእነርሱ ጋር በአንድነት እልል ስል ከኖርኩ፣ እኔስ ከጎሉ ኋላ ከቆሙት በምን ተለየሁ? ተቀይሜሻለሁ፤ ቅያሜዬ ግን የእናት ነው፣ ደብዳቤው ሳይደርስሽ ይወጣልኛል።

አሁን መልሴን ስሚ። አንድ ነገር ጽፈሽልኛል፤ አስበሽው ይሁን ሳታስቢው አላውቅም። «ለሟች ዝም ማለት ነበር የቀድሞው ልማዳቸው፤ አሁን ግን በጸጥታው መሐል የሚጮህ እንዳይኖር ፈርተው በጭብጨባ ለወጡት» ብለሻል። ይህን መስመር ሦስት ቀን ስመላለስበት ቆየሁ። ለካ የክለቡ ሰዎች ደጋፊዎቻቸውን ያውቋቸዋል! አንዲት ደቂቃ አፋቸውን መዝጋት እንደማይችሉ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጩኸቱን በጭብጨባ ሊሸፍኑልኝ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀዳዳ በጌጥ ሲሸፈን አውቃለሁ።

ስለዚህ አልፈርምም። አልመጣም። ማሊያውንም በሩ ላይ እንዳይሰቅሉት ንገሪያቸው። ለተወካዩ በትሕትና፣ ግን ሳትቀንሺ እንዲህ በይልኝ፦ ያ ሜዳ ሙሉ ሰው ለልጄ አንዲት ደቂቃ ዝም ማለት የቻለ ቀን ይጥሩኝ፤ ዕድሜዬ ቢገፋም በምርኩዝ እመጣለሁ። ጭብጨባ አልፈልግም። እልልታ የጠገብኩት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ስሙ ይጠፋል ብለሽ አትፍሪ፤ እኔና አንቺ እያለን ስሙ በእነሱ መስታወት አይጠበቅም። ፀጉር አስተካካዩም ደብተሩን ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ በጨዋታ ሰዓት ቴሌቪዥኑን አይከፍትም። ወንበሩን ግን አሁንም ያዞርልኛል፤ በመስኮቱ መንገዱን አያለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሬሳውን ያለ አንድ ቃል ተሸክሞ በማምጣት የዋለልኝን ውለታ አልረሳም። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቀሚሷን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ ቁመቷ ቢጨምር ብዬ ከሥር እጥፍ ትቼለታለሁ። ትንሹን ወንድ ልጅሽን ደግሞ ኳስ አትከልክይው። ነገር ግን ሜዳ ላይ የሚሉትን ሁሉ ቤት ገብቶ እንዲነግርሽ አስለምጂው፤ ጆሮውን ሲይዝ ብታዪው ለምን እንደያዘ ጠይቂው። ነርሷን ካገኘሻት የእናት ሰላምታዬን አድርሽላት፤ «ልክ ነበርሽ» በያት።

ይህን ደብዳቤ ቤት ያላችሁ ሁሉ ተሰብስባችሁ አንብቡት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለልጄ ነፍስ ዕረፍት ጸልዩለት፤ ለእኔም ሳላውቅ ላልኩት እልልታ ይቅርታ ለምኑልኝ። ስትጸልዩ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ልጄ ጩኸት በቅቶታል።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ዐርብ፣ ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ተጻፈ።