ወደ ማርታ ግቢ ያዘነበለው ቅርንጫፍ

ሰኞ

ዛሬ ረጨሁት፣ ተገላገልኩ። የሎሚዬ ቅጠል ሲጨማደድ፣ ጉንዳኑ ግንዱን እንደ አስፋልት መንገድ ይዞት ሲርመሰመስ ሁለት ወር ሙሉ ታገስኩ። አመድ ነሰነስኩ፣ የሳሙና ውሃ ደፋሁ፣ ማን ሰምቶኝ! የእህቴ ባል ታደሰ ከቴፒ ሲመጣ ለበቆሎው ተምች የሚረጨውን መድኃኒት በባዶ ሃይላንድ ቀንሶ ሰጥቶኝ ነበር። ልኩን ነግሮኛል፤ ረሳሁት። በባልዲ አንድ ክዳን ነው ሦስት? ሦስት አደረግኩ፣ ጉንዳኖቹ አናደውኛላ። መጥረጊያ እየነከርኩ ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት። አፌን በሻሽ አስሬ ነበር፣ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ።

ማክሰኞ

ጉንዳኑ አለቀ! ከትምህርት ቤት ተመልሼ በኩራት ዛፌን ስዞር፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ላይ ዓይኔ አረፈ። ትናንት የነበሩ ሎሚዎች የሉም። የተቆረጡበት ቦታ ገና እርጥብ ነው።

ክው አልኩ።

ጎረቤቴ ማርታ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ባሏ ሥራው ቱም ከተማ ስለሆነ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ማቅለሽለሹን የሚያስታግስላት ሎሚ ብቻ ነው፤ "ሳትጠይቂኝ ቁረጪ፣ የራስሽ ዛፍ ነው" ያልኳትም እኔው ነኝ። ስረጭ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እንዴት ሰው ይረሳል?

አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ።

አልሄድኩም።

ረቡዕ

ጠዋት ስታስመልስ በአጥሩ በኩል ሰማኋት። ድሮም ታስመልሳለች። የዛሬው ረዘመ? ወይስ ፍርሃቴ ነው ያስረዘመው?

ታደሰ ጋ ስንት ጊዜ ደወልኩ። ለሥራ ማጂ ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም።

የማውቀው፦ ተምች ይገድላል። ጉንዳን ይገድላል። ይሸታል።
የማላውቀው፦ ስሙን። ሰው ላይ የሚያደርገውን። ስንት ሎሚ እንደበላች።

በእኔ በኩል ያለውን ሁሉ አውርጄ ቀበርኩ። በእሷ በኩል ያለውን ለማውረድ ግቢዋ መግባት አለብኝ፤ ከገባሁ ደግሞ "ምነው?" ማለቷ አይቀርም። ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሎሚዎቹ እዚያው ተንጠልጥለዋል። የሚዋሽ ተማሪ ዓይኑን አይቼ የምለይ መምህርት ነኝ እኮ! ፈሪ።

ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ ማርታን ደግፈው ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቧት ደረስኩ። ቁርጠት ይዟታል፤ ላቧ ይንቆረቆራል። አማቷ በቤንችኛ እያባበሏት ነው።

"ምን በልታ ነው?" አልኩ።

"ምን ትበላለች ልጄ፣ ከሎሚ በቀር የሚረጋላት የለ።"

ሃይላንዱን በፌስታል ጠቅልዬ በሌላ ባጃጅ ተከተልኳቸው። ጤና ጣቢያ ስደርስ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ፦ ሰኞ ዕለት ሎሚው ላይ መርዝ ረጭቻለሁ። ነርሷ የመድኃኒቱን ስም ጠየቀችኝ። አላውቅም። ድጋሚ ጠየቀችኝ። አማቷ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ማርታ አልጋው ላይ ሆና አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ታደሰ ተገኘ። ስሙን ለነርሷ በስልክ ነገራት። እኔን "አንድ ክዳን ብዬሽ አልነበር!" ብሎ ጮኸብኝ። ሐኪሙ ዓይኗን፣ ትንፋሿን ሲያይ ዋለ። የበላችውን አጥባ መብላቷ ጠቅሟታል፤ መርዙ ክፉኛ ቢይዛት እስካሁን በታየ ነበር አለን። ታዲያ ቁርጠቱ ከምን መጣ? "እንከታተላለን።" ይህቺን ቃል አልወደድኳትም።

ቅዳሜ

የልጁ የልብ ምት ተሰማ! አማቷ ሲነግሩኝ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከሰዓት ማርታ ቤቷ ገባች። በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት።

"መቼ ነው ያወቅሽው እትዬ?"

"ማክሰኞ።"

"ረቡዕም እኮ በልቻለሁ" አለችኝ።

"ፈርቼ ነው" አልኳት።

"እኔ በየቀኑ ነው የምፈራው።"

ግቢ አላለችኝም።

እሑድ

አማቷን አስፈቅጄ በእነሱ በኩል የቀሩትን ሎሚዎች አወረድኩ። ዛፉን ከሥሩ ልቁረጠው ወይስ ይቅር፣ መወሰን አቃተኝ። ደህና ዛፍ ነው፣ ምን አደረገ?

ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ በኋላ ማርታ በሬን አንኳኳች። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

"ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ድጋሚ እታያለሁ። እማማ የሐኪም አማርኛ ቶሎ አይገባቸውም። አንቺ አብረሽኝ ግቢ። ሐኪሙ የሚለውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እዚያው ሆነሽ ስሚው።"

ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም። እሺ አልኳት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሯ ላይ እገኛለሁ።